የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኳሶች፦ አዲስ የፒንቦል ማሽን ፊት ሲቆሙ ምን ማየት ይገባል?

የማያውቀው የፒንቦል ማሽን ላይ ሳንቲም የሚያስገባ ሰው የመጀመሪያ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ኳሷ ተወርውራ ትወጣለች፣ ከላይ ካሉት መሰናክሎች ጋር ትላተማለች፣ መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ ማሽኑ ይጮኻል፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ሳይገባው ኳሷ በሁለቱ መምቻዎች (ፍሊፐሮች) መካከል ሾልካ ትጠፋለች። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዚያው። "ይሄ የዕድል ጨዋታ ነው" ብሎ ትቶት ይሄዳል። ጌጡን አይቶ ኳሷን ሳያይ መሄዱ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

አዲስ ማሽን ሁለት ዓይነት ስሜት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። አንደኛው ከሥዕሉ፣ ከመብራቱ፣ ከሙዚቃውና ማሽኑ ከተሠራበት ፊልም ወይም ታሪክ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ኳሷ ከፍሊፐሩ ስትነሣ፣ መወጣጫውን ስትወጣና ተመልሳ ስትመጣ እጅ ላይ የሚሰማው ነው። የመጀመሪያው ወዲያው ይደርሳል፣ ቶሎም ይደበዝዛል። ሁለተኛው ዘግይቶ ይመጣል፤ አንድን ማሽን ለዓመታት የሚያስወድደው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ተጫዋች ዓይኑን ከጌጡ አንሥቶ ወደ ኳሷ እንዲመልስ የሚረዱትን ነገሮች ላስረዳ።

ማሽኑ ሲታይ ይህን ይመስላል። ባለ አራት እግር ሣጥን ነው፤ ላዩ በመስታወት ተከድኗል፤ ከመስታወቱ ሥር ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ሥዕል የታተመበትና በጠንካራ ቫርኒሽ የተሸፈነ ሜዳ አለ። ሜዳው ወደ ተጫዋቹ ያዘነብላል፤ በዘመኑ ማሽኖች ዝንባሌው 6.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ኳሷ ብረት ናት፤ ስፋቷ 27 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 80 ግራም ያህል። ጆተኒ የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳል። ጆተኒ ላይ ኳሷ አንድ ሰው እስኪመታት ቆማ መጠበቅ ትችላለች፤ ፒንቦል ላይ ግን ባላጋራው ራሱ ዝንባሌው ነው፣ ለአፍታም አያርፍም። ተጫዋቹ ያለው መከላከያ ከታች በኩል ያሉት ሁለት ፍሊፐሮችና የገዛ እጁ ናቸው። ፍሊፐሮቹ የሚታዘዙት በሣጥኑ ግራና ቀኝ ባሉት ቁልፎች ነው። ኳሷ በመካከላቸው ካለፈች ወይም በዳርና ዳር ባሉት ጠባብ መንገዶች ከወረደች አለቀላት፤ ለአንድ ጨዋታ ዛሬ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኳስ ነው።

ፍሊፐሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ቁልፉ ሲጫን ከሜዳው ሥር ባለ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና በመካከሉ ያለውን የብረት ዘንግ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዘንጉም ፍሊፐሩን ያዞረዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ነው። ፍሊፐሩ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ኃይሉ ወዲያው ይቀነሳል፤ ኳስ ለመምታት ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፣ ፍሊፐሩን ከፍ አድርጎ ለማቆየት ግን ጥቂት ይበቃል። ያ የመምቻው ኃይል ሳይቀነስ ቢቀጥል ጥቅሉ ይቃጠል ነበር። ተጫዋቹ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፦ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ይቻላል፣ ፍሊፐሩም እንደተነሣ ይቆያል።

ጀማሪዎች ይህን አያውቁም። ኳሷ በቀረበች ቁጥር ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ላይ ደጋግመው ይጫናሉ። ሁለቱ ፍሊፐሮች አብረው ሲነሡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ኳሷም በሰፋው በኩል ትወርዳለች። ልምድ ያለው ሰው ግን ኳሷ ወደ ፍሊፐሩ በሚያወርደው ውስጠኛ መንገድ ተንከባልላ ስትመጣ የዚያን ወገን ፍሊፐር ብቻ አንሥቶ ይይዛል። ኳሷ ከተነሣው ፍሊፐር ሥረኛ ክፍል ላይ ትቀመጥና ትቆማለች። አሁን ጨዋታው ቆሟል፤ ዝንባሌው እንዳለ ነው፣ ኳሷ ግን የትም አትሄድም። ተጫዋቹ ትንፋሽ ይወስዳል፣ የበራውን መብራት ያያል፣ ቀጥሎ የት እንደሚመታ ይወስናል። አዲስ ማሽን ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መለማመድ ያለብን ይህችን ማቆም ነው እላለሁ፤ ማቆም ያልቻለ ሰው ማሽኑን ለማየት ጊዜ አያገኝም።

ቆማ የነበረችው ኳስ ፍሊፐሩ ሲለቀቅ ወደ ጫፉ መንከባለል ትጀምራለች። የት እንደምትሄድ የሚወስነው መቼ እንደተመታች ነው። ኳሷ ገና ከፍሊፐሩ ሥር አጠገብ ሳለች ከተመታች ቀጥ ብላ ወይም ወደዚያው ወደተነሣችበት ወገን ትወጣለች። ጫፉ ጋ ደርሳ ከተመታች ደግሞ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ተቃራኒው ወገን ትሄዳለች። በቀኙ ፍሊፐር የግራውን መወጣጫ ፈልጎ ከመወጣጫው በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ የመታ ሰው ቸኩሎ ነበር ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ለጥቂት መጠበቅ አለበት። በግራ በኩል ካለፈ ዘግይቷል። ሦስት አራት ኳስ እንዲህ እያስተዋለ የተጫወተ ሰው የመጀመሪያ ቀኑ ላይ እንኳ የአንዱን መወጣጫ ሰዓት ይይዛል። ፒንቦል የሚያስደስተው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሷ መወጣጫውን ሳትነካካ ለስልሳ ወጥታ፣ በሽቦው ሐዲድ ተንሸራታ፣ ያው ፍሊፐር ላይ ስትመለስ ሰውነት ያውቀዋል።

ኳሷ ከመወርወሯ በፊትም የሚታይ ነገር አለ። ከመስታወቱ ሥር፣ በታች በኩል፣ ሕጎቹን ባጭሩ የያዘ ትንሽ ካርድ ይኖራል። ብዙ ሰው አያነበውም፤ ሆኖም ማሽኑ ዋና የሚለው ዒላማ የትኛው እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ከዚያ ሁለቱን የዳር መንገዶች ማየት ነው። አፋቸው ሰፊ ከሆነ ማሽኑ ጨካኝ ነው፣ ኳሷን ወደ መካከል ማራቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻ መወርወሪያው ይታያል። በሞላ የሚሠራ፣ ተስቦ የሚለቀቅ ዘንግ ከሆነ ጉልበቱን የሚመጥነው ተጫዋቹ ነው፤ ብዙ ማሽኖች የመጀመሪያውን ውርወራ በትክክል ለመጠነ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ በሞላ የሚሠራ መወርወሪያ ከጨዋታው ክፍሎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው፤ ሞንታጉ ሬድግሬቭ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው እ.ኤ.አ. በ1871 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበባቸው ማሻሻያዎች ውስጥ ይገኛል።

አሁን "የዕድል ጨዋታ ነው" ወደሚለው እንመለስ፤ ክሱ ዛሬ የተጀመረ አይደለምና። በ1930ዎቹ ፒንቦል አሜሪካን ሲያጥለቀልቅ ፍሊፐር የሚባል ነገር አልነበረውም። የዴቪድ ጎትሊብ "ባፍል ቦል" በ1931 ሲወጣ ተጫዋቹ ኳሷን ወርውሮ ምስማሮቹ መካከል እየተላተመች የት እንደምትገባ ይመለከት ነበር፤ ከውርወራው በኋላ ሊያደርግ የሚችለው ሣጥኑን መነቅነቅ ብቻ ነው። አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ላይ ነበር፤ በአንድ ሳንቲም ብዙ ኳስ የሚሰጥ መዝናኛ መወደዱ አያስገርምም። ገንዘብ የሚከፍሉ ማሽኖችም ስለነበሩ ሹማምንቱ ጨዋታውን ከቁማር ቆጠሩት። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በ1942 አስከለከሉት፤ ፖሊስ ማሽኖቹን ከየሱቁና ከየመጠጥ ቤቱ ሰበሰበ፣ ከንቲባው ራሳቸው በመዶሻ ሲሰብሩ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ሎስ አንጀለስና ቺካጎም ከልክለው ነበር። ቺካጎ መከልከሏ ይደንቃል፤ ማሽኖቹ በብዛት የሚሠሩት እዚያው ነበርና።

ክልከላው ከጸና ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ ጎትሊብ ፋብሪካ "ሐምፕቲ ደምፕቲ" የተባለውን አወጣ። የነደፈው ሃሪ ማብስ ነው። በሜዳው ዳርና ዳር ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ስድስት ትናንሽ ፍሊፐሮች ነበሩት። በሚቀጥለው ዓመት የጄንኮ ፋብሪካው ስቲቭ ኮርዴክ "ትሪፕል አክሽን" ላይ ሁለት ብቻ፣ ከታች በኩል አደረገ፤ ዛሬ የምናውቀው አቀማመጥ ከዚያ ይጀምራል። ማለትም ኒው ዮርክ የከለከለችውና በኋላ የተስፋፋው ጨዋታ በአሠራር የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ላይ ተጫዋቹ ተመልካች ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ኳሷን ይመልሳል፣ ያቆማል፣ ያልማል። ሕጉ ግን ልዩነቱን ሳያይ ለሠላሳ አራት ዓመት ቆየ።

ክልከላው የተነሣው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ማሽን ላይ ቆሞ ጨዋታው የችሎታ መሆኑን እንዲያሳይ ተጠራ። ከተጫወተ በኋላ መወርወሪያውን ይዞ፣ ኳሷ ከላይ ካሉት መንገዶች በመካከለኛው እንደምትገባ አስቀድሞ ተናገረ፤ ወረወረ፤ ገባች። ሻርፕ በኋላ ራሱ እንደመሰከረው በዚያች ውርወራ ውስጥ ዕድልም ነበረበት። እኔ ግን ክርክሩ የሚያርፈው በእሷ ላይ ብቻ ነው አልልም። ከዚያ በፊት ኳሷን በፍሊፐሩ እያቆመ፣ ወደፈለገበት እየመታ ነበር፤ ይህን ያየ ሰው የተጫዋቹ እጅ የት እንዳለ አይጠፋውም። ለአዲስ ተጫዋችም ያው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በእርግጥ ዕድል ይመስላል፣ ምክንያቱም ኳሷን ያላቆመ ሰው የሚጫወተው የ1931ዱን ጨዋታ ነው።

አንዳንድ ማሽን ለእንግዳ ሰው በሩን ይከፍታል፣ አንዳንዱ አይከፍትም። ይህ የነዳፊው ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ግጥሚያ በእኔ ዘንድ "ሜዲቫል ማድነስ" የሚያክለው የለም። ዊሊያምስ ፋብሪካ በ1997 ያወጣው፣ ብራያን ኤዲ የነደፈው ነው። ሜዳው መካከል ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ ቆሟል፤ በፊቱ ተንሥቶ የሚዘጋ ድልድይ አለ። ማንም ሳይነግረው ሰው ድልድዩን ይመታል። ደጋግሞ ሲመታው ድልድዩ ይወርዳል፣ ከኋላው የብረት በር ይታያል፤ በሩን ሲመታ እሱም ይነሣል፤ ኳሷን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ግንቡ ይንቀጠቀጥና ይፈራርሳል። የማሽኑ ሕግ ከዚህ እጅግ ይሰፋል፤ ሌሎች ዒላማዎች፣ ከሜዳው ሥር ብቅ የሚሉ ሁለት ጭራቆች፣ ብዙ ኳሶች በአንድ ጊዜ የሚለቀቁባቸው ጦርነቶች፣ በመጨረሻም ሁሉንም ያሟላ ሰው ብቻ የሚደርስበት ታላቅ ውጊያ አለው። ሆኖም ምንም የማያውቅ ሰው ግንቡን ብቻ እየመታ አንድ ሰዓት ደስ ብሎት ይውላል፤ የኤዲ ጥበብ ይህ ነው።

በፓት ላውለር የተነደፈው "አዳምስ ፋሚሊ" በ1992 ወጥቶ ከ20,000 በላይ ተሽጧል፤ ከኤሌክትሮኒክስ ዘመን ማሽኖች ይህን ያህል የተሸጠ የለም። እሱም እንግዳን የሚይዝበት ዘዴ አለው፦ ከሣጥን ውስጥ የሚወጣ የፕላስቲክ እጅ ኳሷን በማግኔት አንሥቶ ይወስዳታል። ከሜዳው ሥርም ማግኔቶች ተቀብረዋል፤ ሲነቁ ኳሷ በሌለ ነፋስ እንደተመታች ትጠማዘዛለች። የመጀመሪያ ቀን ይህ ማታለል ይመስላል። ከቆየን በኋላ ግን ማግኔቶቹ መቼ እንደሚነቁ ማሽኑ አስቀድሞ እንደሚናገር እናስተውላለን፤ ያወቀ ሰው በዚያ ሰዓት የት መምታት እንደሌለበት ያውቃል። የዚያው ነዳፊ የ1993 ሥራ "ትዋይላይት ዞን" በአንጻሩ ሜዳው የተጨናነቀ፣ ሕጉ የበዛ ነው፤ ከብረት ኳሶቹ መካከልም ቀለል ያለች፣ ማግኔት የማይዛት የሴራሚክ ኳስ አለችው። ድንቅ ማሽን ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክረውም።

ነዳፊዎች እንደ ጸሐፊ የየራሳቸው እጅ አላቸው። ስቲቭ ሪቺ ፍጥነት ይወዳል፤ የ1986ቱ "ሃይ ስፒድ" በእውነት ፖሊስ ካሳደደው አጋጣሚ የተነሣ ነው፣ ኳሷም በረጃጅም ጥምዝ መንገዶች ሳትቆም ትመላለሳለች። ላውለር በየጉድጓዱ ኳሷን ያስቆማል፣ ያሳስባል። ከአሁኖቹ ኪት ኤልዊን ነዳፊ ከመሆኑ በፊት የዓለም ሻምፒዮን ተጫዋች ነበር፤ በ2021 ለስተርን ፋብሪካ የነደፈው "ጎድዚላ" ላይ ይህ ይታያል። አንዱ ምት ኳሷን ለሚቀጥለው ምት በሚመች ፍሊፐር ላይ ያደርሳታል፤ ከገባ የማያልቅ ይመስላል። ውድ በሆኑት ቅጂዎቹ መካከል ላይ ያለው ሕንፃ ፎቅ በፎቅ እየወረደ ይፈርሳል። አንድ ማሽን ላይ የተመቸው ሰው የነዳፊውን ስም ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ቀጥሎ የሚወደውን ማሽን ከፊልሙ ስም ይልቅ የነዳፊው ስም ይጠቁመዋል።

ስለ አዳዲስ ማሽኖች ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዛሬ አንድ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ አልቆ አይደለም። ብረቱና እንጨቱ ያው ሆኖ የጨዋታው ሕግ፣ ነጥቡና ድምፁ በየጊዜው በሚለቀቅ ማሻሻያ ይለወጣል። በወጣበት ሳምንት ባዶ መስሎ የታየ ማሽን ከዓመት በኋላ ሀብታም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ማሽን የተጫወተ ሰው ስለ ሕጉ የሚሰጠው ፍርድ ጊዜያዊ ነው። ስለ መወጣጫዎቹ አቀማመጥና ስለ ኳሷ አካሄድ የሚሰጠው ግን ይጸናል፤ እነሱን ሶፍትዌር አያስተካክላቸውም። ስተርን ፋብሪካ እንዲሁ አንዱን ጨዋታ ፕሮ፣ ፕሪሚየምና ሊሚትድ ኤዲሽን ብሎ በተለያየ ዋጋ ያወጣል፤ ርካሹ ላይ አንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ነገር ይቀራል። "ጎድዚላን ተጫወትኩ" የሚሉ ሁለት ሰዎች ያዩት አንድ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የመጀመሪያ ስሜትን የሚያዛባው የማሽኑ አያያዝ ነው። ያው ስም ያለው ማሽን በአንድ ቤት ሕያው፣ በሌላው ሙት ይሆናል። ዝንባሌው የሚስተካከለው እግሮቹ ሥር ባሉ ብሎኖች ነው፤ ባለቤቱ የኋላ እግሮቹን ጥቂት ዝቅ ካደረገ ኳሷ ትንቀራፈፋለች፣ ከፍ ካደረገ ትከንፋለች። ግራና ቀኙ በውሃ ልክ ካልተስተካከለ ኳሷ ሁልጊዜ ወደ አንድ ዳር ታዳላለች፣ ተጫዋቹም ማሽኑን ይረግማል። የፍሊፐር ላስቲክ ሲደርቅ ኳሷ አትነጥርም፤ ሜዳው በአቧራና በጥቀርሻ ሲጠቁር ኳሷ ትጎተታለች። የፍሊፐሩ ጥቅልና ዘንግ ካረጁ ደግሞ ኳሷ መወጣጫው ወገብ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። በትክክል የተመታ ኳስ ደጋግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ በዚያ ማሽን ላይ ፍርድ መስጠት አይገባም፣ ሌላ ቦታ ፈልጎ ማየት ነው።

መነቅነቅን በተመለከተ ብዙ ሰው የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም፤ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። ኳሷ ወደ ዳር መንገድ ልትገባ ስትል ሣጥኑን በመዳፍ አጭርና ጠንከር ያለ ግፊት መስጠት አቅጣጫዋን ሊያስለውጥ ይችላል። ገደቡን የሚጠብቀው ከሣጥኑ ውስጥ የተንጠለጠለ ቱምቢ ነው። ቱምቢው በብረት ቀለበት መካከል ይንጠለጠላል፤ ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲናወጥ ቀለበቱን ይነካና ኤሌክትሪኩ ይገናኛል። የአሁኖቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያው ካለቀ ቲልት ይሆናል፣ ፍሊፐሮቹ ይሞታሉ፣ ኳሷ ትወድቃለች፣ በኳሱ መጨረሻ ሊከፈል የነበረው ቦነስም ይቀራል። ቱምቢው ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ሊታሰር ስለሚችል የየማሽኑ ትዕግሥት ይለያያል። በመጀመሪያው ኳስ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ መግፋት፣ ያንን መጠን በእጅ መያዝ፣ ከዚያ ከሱ ዝቅ ብሎ መጫወት ጥሩ ልማድ ነው።

ስለ ድምፅና ስለ ስክሪን ብዙ ማለት አያስፈልግም። "ጎርጋር" በ1979 የመጀመሪያው ተናጋሪ ማሽን ሆኖ ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ ነጥብ ስክሪኖች ተስፋፉ፤ ጀርዚ ጃክ ፒንቦል የተባለው ፋብሪካ በ2013 "ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ" ላይ ትልቅ ባለ ቀለም ስክሪን አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ስክሪኑ ማራኪ ነው፣ የሚቀመጠው ግን ከሜዳው በላይ ነው፤ እሱን የሚያይ ሰው ኳሷን አያይም። መታየት ያለበት ኳሷ ፍሊፐር ላይ ቆማ ሳለች ብቻ ነው። ድምፁ ግን ይጠቅማል። በደንብ የተሠራ ማሽን የትኛው ምት እንደከፈለ፣ የትኛው እንዳለፈ፣ ጊዜ እያለቀ እንደሆነ በድምፅ ይናገራል፤ ዓይን ሜዳው ላይ እንዳለ ጆሮ ሕጉን ይማራል።

ማሽን ገዝቶ ቤት ማስገባት ቀላል ወጪ አይደለም፤ የስተርን አዲስ ማሽን ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፣ ውዶቹ ከ10,000 ያልፋሉ። ለመጫወት ግን ሳንቲም ይበቃል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በላስ ቬጋስ፣ ዝነኛው የእንኳን ደህና መጡ ሰሌዳ ካለበት ብዙም ሳይርቅ፣ የፒንቦል ሆል ኦቭ ፌም የሚባል ትልቅ አዳራሽ አለ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ማሽኖች ተደርድረው ለማንም ክፍት ናቸው፤ አሮጌዎቹን በጥቂት ሳንቲም መጫወት ይቻላል። ሲያትልም በቻይና ሰፈር በኩል የፒንቦል ሙዚየም አላት፤ እዚያ መግቢያ ይከፈልና ማሽኖቹ ያለ ሳንቲም ይሠራሉ።

እንዲህ ያለ ቦታ ለሄደ ሰው የምመክረው ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ በ1970ዎቹ ከተሠሩት አንዱ ላይ ይቁም፤ ኳሷ ዝግ ትላለች፣ ሕጉ ካርዱ ላይ ያልቃል፣ እጅ ኳስ ማቆምን ይማራል። ቀጥሎ "ሜዲቫል ማድነስ" ወይም የእሱ ዘመን ማሽን ላይ አንዱን መወጣጫ ብቻ መርጦ ሰዓቱን እስኪይዝ ይምታ፤ ነጥቡን አይቁጠር። ከዚያ በኋላ ነው "ጎድዚላ" የመሰለው አዲስ ማሽን ላይ መቆም፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ለመብራቱ ይሁን፣ ሁለተኛው ለኳሷ፤ ሦስተኛው ላይ ማሽኑን ወደደው ወይስ አልወደደው ብሎ መጠየቅ ይችላል።